ኤንትሬን ማስረጀት

«በዚያኛው በር ማን ሲወጣና ሲወርድ ነው እንዲህ የተላጠው?» አለኝ አባዬ።

ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌዋለሁ። እሱ ኮምቦልቻ ነው፤ እኔ ጣሊያን፣ ቶሪኖ። በኢሞ ምስሉ ቆም ሄድ ስለሚል፣ መዳፌ ላይ ያለችውን ትንሽ መኪና ወደ ካሜራው አስጠግቼ፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ትንፋሼን ይዤ ነበር የማሳየው። ያረጀች እንድትመስል ሦስት ሌሊት ለፍቼባታለሁ። የግራ በሯ እጀታ ሥር ቀለሙ ተልጧል። መርገጫው ጠርዝ ጠርዙን በልዟል። በሩ ታችኛው ጥግ ላይ ያለው ዝገት ደግሞ፣ ራሴን ላመስግንና፣ እጅ የሚያቆሽሽ ነው የሚመስለው። «ጎበዝ» እስኪለኝ ስጠብቅ ጥያቄ መጣ።

«ሹፌሩ ነዋ!» አልኩት።

«የኤንትሬ መሪ በቀኝ ነው። ረሳሽው እንዴ?»

ረስቼዋለሁ። ልጅ ሆኜ ስንቴ ተሳፍሬባታለሁ፤ ሞተሩ መሐላችን እየጋለ፣ እሱ በቀኝ፣ እኔ ከረዳቱ ጋር በግራ። ያን ሁሉ እያወቅኩ እጄ ወደ ግራ በር ሄደ።

ኤንትሬን የማያውቅ ወጣት አንባቢ ይኖር ይሆናል። ኤንትሬ ማለት ፊያት 682 ኤን 3 ናት፤ «ኤን» ፊደሉ ነው፣ «ትሬ» ደግሞ የጣሊያንኛው ሦስት። 682 እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣ የጭነት መኪና ነው፤ እዚህ አገር የመኪና ነገር የሚወዱ ሽማግሌዎች እስካሁን «የአፍሪካ ንጉሥ» ይሉታል። በዚያ ዘመን የጣሊያን ከባድ መኪኖች መሪ በቀኝ የተደረገው በከንቱ አልነበረም። መንገዱን በቀኝ ይዞ ተራራ የሚወጣ ሹፌር ጎማው ከገደሉ አፍ ስንት ጣት እንደቀረው በዓይኑ እንዲያይ ነው። ጣርማበርን በክረምት ጭጋግ ለወጣ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

እኔ ግን በመጨረሻ ያየሁት የኢንተርኔት ቪዲዮ ነበር። ቪዲዮዎቹ ላይ የሚሠሩት መኪኖች መሪያቸው በግራ ስለሆነ የሚያረጀውም የግራ በር ነው። ሳላስብ ገለበጥኩ።

ሙያው እንዴት እጄ እንደገባ ልናገር። ቶሪኖ የመጣሁት እንደ ብዙዎቻችን ሽማግሌ ልጠብቅ ነው። ባዳንቴ ይሉናል። የጠበቅኳቸው ሰው የሰማንያ ስድስት ዓመት አዛውንት ነበሩ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ቤት ውስጥም በስማቸው ጠርቻቸው አላውቅም፣ የልጅ ልጆቻቸው እንደሚሏቸው «ኖኖ» ነበር የምላቸው። ከመኝታ ቤታቸው ቀጥሎ አንድ ጠባብ ክፍል ነበረች፤ ሥራ የጀመርኩ ቀን ልጃቸው «ይቺን አታጽጂ፣ አቧራም ቢሆን አትንኪ» ብላኝ ነበር። ሳምንት ታግሼ ገባሁ። ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ ታንክ፣ የጭነት መኪና፣ አውሮፕላን፣ ሁሉም ከጫማ የሚያንሱ። አንድም አዲስ የሚመስል የለም። ሁሉም ከጦር ሜዳ ወይም ከረጅም መንገድ የተመለሱ ይመስላሉ።

መጀመሪያ የገመትኩት አሮጌ መጫወቻ የሚሰበስቡ ሰው መሆናቸውን ነው። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ አዲስ ገዝተው፣ ገጣጥመው፣ ቀለም ቀብተው፣ ከዚያ ነው የሚያስረጁት። ለዚህ ሥራ ጣሊያኖች ያላቸው ቃል «ኢንቬኪያሜንቶ» ነው፣ ማስረጀት ማለት። ጠዋት ጠዋት ካልሲ የማለብሳቸው፣ መድኃኒታቸውን የምቆጥርላቸው ሰው «ዛሬ ይቺን ትንሽ እናስረጃት» ሲሉኝ ሳቄ መጣ። እሳቸውም ገብቷቸው ሳቁ።

ችግሩ እጃቸው ነበር። ሁለቱም እጆቻቸው ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ማንኪያ ሲይዙ ሾርባው ሸሚዛቸው ላይ ነው። ብሩሽ ከተዉ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር። አንድ ከሰዓት ግን ሳህን ሳጥብ ከኋላዬ መጥተው ቆሙና ስፖንጁን አዩት። «ስጪኝ» አሉ። አረፋውን ጨምቄ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩና ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ «ይሄ አይሆንም፣ ግን ነገሩ ይሄ ነው»።

ያን ቀን የተማርኩትን ልንገራችሁ፤ የጽሑፌም ግማሹ ይኸው ነው። የተላጠ ቀለም ቅርጽ የለውም። ወይም ቅርጽ አለው፣ ሰው ግን አስቦ ሊሥለው አይችልም። ብሩሽ ይዘህ የተላጠ ቦታ ልሣል ብለህ ስትነሳ፣ ሳታውቀው ነጠብጣቦቹን በእኩል ርቀት ታስቀምጣቸዋለህ፤ መጠናቸውም ይመሳሰላል። የሰው እጅ ዝብርቅርቅ ነገር መሥራት አይችልም፣ ሥርዓት ያበዛል። ስፖንጅ ግን ቀዳዳው ሁሉ የተለያየ ስለሆነ በአንድ ንኪት አሥርና አሥራ አምስት ነጥብ ይተዋል፤ አንዷ ትልቅ፣ ሁለቷ የተጣበቁ፣ ሦስቷ ለዓይን የማይታዩ። አንተ የምትመርጠው ቦታውን ብቻ ነው። የኖኖ እጅ ደግሞ ሲንቀጠቀጥ ስፖንጁ ሁለቴ አንድ ቦታ አያርፍም ነበር። የእሳቸው ሥራ ከእኔ የተረጋጋ እጅ ሥራ በሩቁ ይበልጥ ነበር። ለማጽናናት አይደለም የምለው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን አይተነዋል።

ስፖንጅ ሁሉ ደግሞ ስፖንጅ አይደለም። የዕቃ ማጠቢያው ቀዳዳው ትልልቅ ስለሆነ አሻራው የማር እንጀራ ይመስላል። የፊት ፓውደር መቀቢያው ተቃራኒው ነው፤ ከመድቀቁ የተነሳ ነጠብጣብ ሳይሆን ጭጋግ ነው የሚያወጣው። ኖኖ የሚወዱት የሞዴል ዕቃ ሲመጣ ካርቶኑ ውስጥ የሚጠቀጠቀውን ግራጫውን ነበር። እኔ ደግሞ የሁሉንም አለቃ ሰፈራችን መንገድ ላይ ከተጣለ ሶፋ አገኘሁት፤ ቢጫ፣ ያረጀ፣ ሲነኩት የሚፈረፈር። እንዳየሁት አወቅኩት። ኮምቦልቻ እኔና እህቶቼ የተኛንበት የስፖንጅ ፍራሽ ጥጉ ተቀዶ ነበር፤ ማታ ማታ ተደብቀን ቁርጥራጩን እንነጭ ነበር፤ እናቴ ጠዋት ከወለል ላይ ስትለቅም «ፍራሹን በላችሁት እኮ!» ትለናለች። ያረጀ ስፖንጅ ቀዳዳው ግማሹ ተቀዶ፣ ግማሹ ተጣብቆ ነው ያለው። የምንፈልገው ዝብርቅርቅ ያ ነው።

በመቀስ አይቆረጥም፤ ይቦጨቃል። መቀስ ቀጥ ያለ ጠርዝ ይተዋል፤ ያ ጠርዝ ደግሞ መኪናው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይወጣና ሁሉንም ያጋልጣል። ከቦጨቁ በኋላ በወረንጦ ይዞ፣ ጫፉን ብቻ ቀለም አስነክቶ፣ ከዚያ ሶፍት ላይ ማራገፍ ነው። ማራገፍ ስል በደንብ። ሶፍቱ ላይ ሲመቱት ምንም የማይተው እስኪመስል። ወደ ሞዴሉ የሚሄደው ያኔ ነው፤ እሱም በጠርዝ፣ በጥግ፣ እጅና እግር በሚደርስበት ላይ፣ ላባ እንደሚያስነኩ። በእያንዳንዱ ንኪት መሐል ወረንጦውን ትንሽ ማዞር ያስፈልጋል፤ ካልዞረ ያው አሻራ እንደ ማኅተም ይደጋገማል፣ የሰውም ዓይን መደጋገምን ወዲያው ነው የሚይዘው።

የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ማራገፉን ዘለልኩት። አንድ አረንጓዴ የጭነት መኪና ነበር። ስጨርስ ኩፍኝ የወጣበት ሕፃን መሰለ። ኖኖ መነጽራቸውን አድርገው አዩና «ሐኪም ጥሪለት» አሉ።

ከዚያ በኋላ ሒሳብ አስተማሩኝ። አብዛኞቹ ሞዴሎቻቸው 1/35 ነበሩ፣ ከእውነተኛው ሠላሳ አምስት ጊዜ ያነሱ፤ ይህ እንግዳ ቁጥር ከየት መጣ ብትሉ፣ የጃፓኑ ሞዴል ሠሪ ኩባንያ ታሚያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሞተር የሚሄድ ትንሽ ታንክ ሲሠራ መጠኑን የወሰነው ባትሪና ሞተሩ ሆዱ ውስጥ እንዲገባ አድርጎ ስለነበር ነው፤ ዓለም ሁሉ ተከተለው። በ1/35 አንድ ሚሊሜትር ማለት በእውነተኛው መኪና ላይ ሦስት ሴንቲሜትር ተኩል ማለት ነው። ስለዚህ «ትንሽ ነጥብ» ብለህ የተውካት የአንድ ሚሊሜትር ልጣጭ፣ እውነተኛው ላይ የእንቁላል አስኳል ታክላለች። እንደዚያ ያለ ልጣጭ መቶ ቦታ ያለው መኪና ማን አይቷል? ይህን ካወቅኩ በኋላ ኢንተርኔት ላይ የማያቸው ብዙ ሞዴሎች ያስቁኛል። ከውቅያኖስ ሥር ሃምሳ ዓመት ተኝተው የወጡ ነው የሚመስሉት፤ ጎማቸው ግን ንፋስ አለው።

ሌላው ምስጢር ሁለት ጊዜ መምታት ነው። መጀመሪያ ከመኪናው ቀለም ትንሽ ነጣ ባለ ቀለም፤ ላዩ የተጫረ፣ ገና ብረቱ ያልታየ ማለት ነው። ሲደርቅ በዚያው ነጣ ባለው መሐል፣ አነስ አድርጎ፣ ወደ ጥቁር በሚጠጋ ቡናማ። ኖኖ የስፔኑን ቫሌሆ ነበር የሚጠቀሙት፣ ቁጥር 70.822፤ ሞዴል ሠሪ ሁሉ ቤት የምትገኝ ጠርሙስ ናት። ነጣ ያለው ዳር ሆኖ ጥቁሩ መሐል ሲቀመጥ ዓይን ይታለላል፣ ቀለሙ ውፍረት ያለውና የተሰበረ ይመስላል። ሥራው ሲታሰብ እብደት አለው፤ ቀለም እየጨመርን ነው ቀለም የጎደለ የምናስመስለው።

አውሮፕላን ላይ ግን ቡናማ የለም። አሉሚኒየም አይዝግም፣ ሲላጥ ብርማ ነው የሚሆነው። እንጨትም እንደዚሁ፣ ይሸብታል እንጂ አይዝግም። ይህን ስነግራት አንዷ ጓደኛዬ «ታዲያ ማን ያያል?» አለችኝ። አባዬን አታውቀውም።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ኖኖ መደርደሪያ ላይ አንዲት ጉርድ ታንክ ነበረች፣ ኤል 3 የምትባለው፤ ሦስት ቶን የምታክል፣ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ወደ አገራችን ይዘዋት የመጡት። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ የራስ እምሩ ጦር ደምበጉና ላይ እነዚህን ታንኮች መግቢያ መውጫ አሳጥቶ እንደማረካቸው ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ። ኖኖ ያኔ ሕፃን ነበሩ፤ በእሳቸው የምቆጥረው ዕዳ የለም። ግን «ይቺን አንቺ ሥሪያት» ብለው ሲሰጡኝ ሶፍቱን ረሳሁት ማለት ነው፤ ስፖንጁን ሳላራግፍ መታኋት፣ መታኋት። ቅጥ አጣች። አንስተው አዩዋት፣ እኔን አዩኝ፣ ምንም ሳይሉ መልሰው መደርደሪያው ላይ አስቀመጧት። ከፊት ረድፍ።

ኖኖ ካረፉ በኋላ ልጃቸው አንድ የጫማ ካርቶን ሰጠችኝ፤ ወረንጦው፣ የተጀመሩ ቀለሞች፣ በፌስታል የታሰረ የስፖንጅ ቁርጥራጭ። ሌላ ሥራ ያዝኩ፣ ቤት ቀየርኩ፣ ካርቶኑ አልጋ ሥር ብዙ ወራት ቆየ። አንድ ቅዳሜ ፖርታ ፓላዞ ጀርባ በሚቆመው የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ባሎን ይሉታል፣ የቡና ጀበና የሚመስል ነገር አየሁ ብዬ ጎንበስ ስል ከጎኑ ቀይ ኤንትሬ ተቀምጣለች። የብረት ሞዴል፣ 1/43። አሥራ አምስት ዩሮ። አልተከራከርኩም፤ የኮምቦልቻ ልጅ ሆኜ ሳልከራከር የገዛሁት የመጀመሪያ ዕቃ ሳይሆን አይቀርም።

ቀይ መሆኗ ነው የገዛኝ። አባዬ የሚነዳት ቀይ ነበረች። የእሱ አልነበረችም፣ የአንድ የደሴ ነጋዴ ነበረች። ሹፌር ግን የሚነዳትን ሁሉ «መኪናዬ» ነው የሚለው። ስድስት ዓመት ረዳት ሆኖ፣ ከዚያ ሹፌር ሆኖ ከኮምቦልቻ ባቲን ወርዶ፣ በሚሌ አልፎ አሰብ ይመላለስ ነበር። እኛ ከደጋው ጫፍ ነን፣ አሰብ ባሕሩ ላይ ናት። ሲመለስ ልብሱ የጨው ሽታ ነበረው። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር አሰብ ተዘጋ፤ ለጥቂት ጊዜ ጅቡቲ ሄደ መጣ፣ ከዚያ ነጋዴው መኪናዋን ሸጣት። አባዬ ከዚያ ወዲያ ሌላ መኪና ነድቷል፤ «መኪናዬ» ሲል ሰምቼው ግን አላውቅም።

እንግዲህ ያቺን ነበር መዳፌ ላይ አድርጌ የማሳየው። የፋብሪካ ቀለሟ መስታወት ስለነበር መጀመሪያ በሳሙና አጥቤ፣ በማያብረቀርቅ ቫርኒሽ አደብዝዤ፣ ከዚያ ነው ስፖንጁን ያነሳሁት። አሮጌ እንድትመስል የምችለውን ሁሉ አደረግኩ። በሩን ስስት ደግሞ ለመታረም ተዘጋጀሁ፤ በቀኝ እደግመዋለሁ፣ የግራውን እሸፍነዋለሁ አልኩት።

«እሱስ ይሁን» አለ። ዝም አለ። ኢሞው የቆመ መስሎኝ ነበር። «ቆይ፣ መኪናዬን እንዲህ ያሳደፍሻት ለምንድን ነው?»

እንዴት እንደምመልስለት ጠፋኝ። ያማረ መስሎኝ ነበር። በዚህ ሙያ ዝገት ጌጥ ነው፣ የበዛለት ይደነቃል። አባዬ ግን ያየው ጌጥ አይደለም። ያየው የተዘነጋ መኪና ነው፤ የተዘነጋ መኪና ደግሞ የሰነፍ ሹፌር መኪና ነው።

«ዝገት እንዲህ እስኪበላት ማን ዝም ይላታል? አሰብ ደርሰን ስንመለስ መጀመሪያ የምናደርገው ማጠብ ነበር። ጨው ነው እኮ! ሆዷን ሳይቀር በጣፋጭ ውኃ እናጥባት ነበር። ትንሽ ነጥብ ከታየች በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ አንቲረስት አስነክቼ፣ ቀለም እደርብባታለሁ። ለላሜራ ሠሪ ከመክፈል ይሻላል።»

ልክ ነው። ብረት ለመዛግ ውኃና አየር ይበቃዋል፤ ጨው ሲጨመርበት ግን ይፈጥናል፣ ዝገቱም ከበላው ብረት የሰፋ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥሩ እያነሳ ይገፈትረዋል። ይህን እኔ ከመጽሐፍ አነበብኩት፤ እሱ በባልዲ ውኃ ተዋግቶታል። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ቡናማ ጠርሙስ አየሁና አፈርኩ። ዝገትን እንደ ሥዕል የምናየው እኮ የላሜራ ሒሳብ ከኪሳችን ያልወጣ ሰዎች ነን።

«ታዲያ አዲስ ነበረች?» አልኩት፣ ትንሽ ተናድጄም ነበር።

«አዲስ ማን አለ? ያረጀችማ አርጅታለች። ግን እንዲህ አይደለም።»

እና ነገረኝ። ከዚህ በፊት ስለ መኪናዋ እንዲህ ተናግሮ አያውቅም፤ ሰዓት ተኩል አወራ፣ ሁለቴ ኢሞው ተቋርጦ እንደገና ደወለ።

ነጋዴው ሲገዛት ሰማያዊ ነበረች። ቀዩን ያስቀባት እሱ ነው፣ ደሴ ላይ። ስለዚህ ቀዩ ሲላጥ የሚታየው ዝገት ሳይሆን ሰማያዊው ነበር። እጀታው ሥር፣ የሹፌሩ ጥፍር በሚፍቀው ቦታ፣ የጣት ስፋት ያክል ሰማያዊ ነበር። የፊት ፓራውልቱ ላይ፣ ከፊት የሚሄድ መኪና ጠጠር በሚወረውርበት፣ ሰማያዊውም ተበስቶ የአንቲረስቱ ጡብ የመሰለ ቀለም ይታይ ነበር። ብረቱ ራሱ የሚታየው ሦስት ቦታ ብቻ ነው። አንደኛው የቀኝ በር መስኮት ደፍ፣ ክርኑን የሚያሳርፍበት፤ እዚያ ቀለሙ አልተላጠም፣ ተልጎ ተልጎ አለቀ፣ ብረቱ እንደ ብር ያብለጨልጭ ነበር። ሁለተኛው የግራው መርገጫ።

«የግራው?» አልኩት።

«የረዳቱ ነዋ! ሹፌር በቀን ስንቴ ይወርዳል? ረዳት ነው ውሎው መውጣትና መውረድ። ዳገት ላይ ስትቆም ታኮ ይዞ ዘሎ ወርዶ ጎማ ሥር መወተፍ፣ ስትነሳ ታኮውን አንስቶ እየሮጠ መንጠልጠል። ስድስት ዓመት እኔ ነኝ የበላሁት ያንን መርገጫ።»

ሦስተኛው ራሱ ታኮው የሚሰቀልበት ቦታ ነው፤ ብረት በብረት እየተፋተገ።

ስለዚህ የግራ በር ላይ የሠራሁት ሙሉ በሙሉ ስህተት አልነበረም። ግማሹ ልክ ነበር፣ በተሳሳተ ምክንያት። እጀታው የሹፌር አልነበረም፤ መርገጫው ግን የአባዬ ነበር፣ ሹፌር ከመሆኑ በፊት።

በማግሥቱ ሌሊት የዛገውን ሁሉ በቀይ ሸፈንኩት። ቀይ ማግኘት ራሱ ፈተና ነበር፤ ሁለት ቀይ ቀላቅዬ፣ ትንሽ ቢጫ ጨምሬ፣ አራተኛው ሙከራ ላይ ከፋብሪካው ጋር ገጠመ። ከዚያ አዲስ ስፖንጅ ቦጨቅኩ፤ ከሶፋው የቀረችኝን የመጨረሻ ቁራጭ። በመጀመሪያ ነጣ ያለ ቀይ፣ እጀታው ሥርና የበሩ ጠርዝ ላይ፣ እንደ ትንፋሽ። ሲደርቅ ሰማያዊ። ምን ዓይነት ሰማያዊ ብዬ ብጠይቀው «የድሮ ሰማያዊ» ብሎኝ ነበር፤ ከዚህ በላይ መግለጫ አልተገኘም። ትንሽ ግራጫ ጨመርኩበት። ፓራውልቱ ላይ በሰማያዊው መሐል በስቴኪኒ ጫፍ የአንቲረስት ቀለም ነጠብ ነጠብ አደረግኩ፤ እዚህ ስፖንጅ አይበቃም፣ የጠጠር ምት ክብ ነውና። በ1/43 አንድ ሚሊሜትር ከአራት ሴንቲሜትር በላይ ስለሆነ እጄን በጣም ቆጠብኩ፤ ከሩቅ ሲያዩት ምንም የተሠራ አይመስልም።

የመስኮቱን ደፍ ስፖንጅ አይሠራውም። ልጣጭ አይደለማ። እርሳስ ወስጄ ጣቴ ላይ ፈጨሁና፣ በዚያው ጣት ደፉን አሸሁት፤ ደጋግሜ፣ አንድ አቅጣጫ ብቻ። ቀስ እያለ አበራ። ክርን የሚሠራው እንዲሁ ነው፣ ሲለግ። የግራውን መርገጫም እንደዚያው፤ መሐሉ እንዲያበራ፣ ዳር ዳሩ ሰማያዊ እንዲቀር።

እሑድ ደወልኩ። ስልኩ እዚያው ስኳር ዕቃው ላይ። ዞር አድርጌ ቀኙን አሳየሁት፣ ግራውን፣ ፊቷን። አባዬ መነጽሩን ፈልጎ አደረገ፤ እናቴን ጠራት፤ እናቴ «ሚጢጢ ናት!» አለችና ወደ ቡናዋ ተመለሰች። እሱ መርገጫው ላይ ቆየ።

«ጎማዋ ግን ንጹሕ ነው» አለ።

«ጭቃ ልቀባት እያሰብኩ ነው።»

«የምን ጭቃ? ሚሌን ካለፈች አቧራ ነው፣ ነጭ፣ ዱቄት የመሰለ። ክረምት ባቲ ዳገት ላይ ከሆነ ጥቁር ጭቃ ነው፣ እስከ ፓራፋንጎ። ሁለቱም አንድ ላይ ከሆነ ደግሞ ነጩ ከሥር ነው፣ ጥቁሩ ከላይ። እየወረደች ነው እየተመለሰች?»

አላሰብኩበትም ነበር።

«እየተመለሰች ይሁን» አልኩት።

«እንግዲያው ነጩን አስቀድሚ። ጭነቱስ? ባዶዋን ነው እንዴ የምትመልሻት?»